«ሁዎባን»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ጓደኛ? ባልንጀራ? ጓድ?

ሻይ_ቅጠል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

ሰላም ለዚህ ቤት። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ፤ አፌ ላይ የሚውለው የማሽን፣ የፈረቃና የደመወዝ ቻይንኛ ነው። ማታ ማታ ለራሴ ደስታ ግጥም እተረጉማለሁ። አሁን የያዝኩት የሙላንን ግጥም ነው። ልጅቷን አብዛኞቻችሁ በካርቱን ታውቋታላችሁ። ግጥሙ ግን ስድሳ ምናምን መስመር ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ386 እስከ 581 ከነበሩት የሰሜን ሥርወ መንግሥታት ዘመን የመጣ ነው ይባላል፣ ደራሲውም አይታወቅም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ሙላን ሸማ እየሠራች ትተክዛለች። የዘመቻ ጥሪ መጥቷል፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የአባቷ ስም አለ። አባቷ ለአቅመ ዘመቻ የደረሰ ወንድ ልጅ የለውም። ፈረስ ገዝታ፣ ወንድ መስላ፣ በአባቷ ፋንታ ትዘምታለች። ድል አድርገው ሲመለሱ ንጉሡ ሹመት ይሰጣታል፣ «ፈጣን ፈረስ ስጠኝና አገሬ ልግባ» ትላለች። ቤቷ ገብታ የጦር ልብሷን አውልቃ የድሮ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ መስኮት ሥር ፀጉሯን ታበጥራለች፣ በመስታወት እያየች ግንባሯ ላይ ቢጫ ጌጥ ትለጥፋለች። ከዚያ ወደ ደጅ ትወጣለች። ደጅ ያሉት አብረዋት የዘመቱት «ሁዎባን»ዎቿ ናቸው።

እኔ እንዲህ ብዬዋለሁ፦

ወደ ደጅ ወጣች፣ ጓደኞቿን ልታይ፤
ጓደኞቿ ሁሉ ደነገጡ፤
አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንጓዝ
ሙላን ሴት መሆኗን አላወቅንም።

«ጓደኞቿ» የሚለው ጎረበጠኝ። ጓደኛ ለ«ፔንግዮው»ም (ቻይናዎች ተራውን ወዳጅ የሚሉት) ነው፣ ለትምህርት ቤት ልጅም ነው፣ ለፍቅረኛም ሆኗል። ሁዎባን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ቃል ላይ ቆሜያለሁ። ምን ትላላችሁ?


ዝም_ብዬ_አንባቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ጓደኛ በይውና ተገላገይ እቴ። ሦስት ሳምንት!


መዝገበ_ቃል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ልክ ነሽ፣ ጓደኛ አይበቃውም። ምክንያቱም ቃሉ ራሱ ውስጥ እሳት አለ።

«ሁዎ» እሳት ነው፣ «ባን» አብሮ ያለ፣ አብሮ የሚሄድ። ዛሬ ሲጻፍ «ሁዎ» በግራ ጎኑ የሰው ምልክት ይጨመርበታል፤ በጥንታዊው ግጥም ግን ያለ ሰው ምልክት፣ ደረቁን «እሳት» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እንግዲህ በጥሬው «የእሳት ባልደረቦች» ማለት ነው። ምን እሳት? የወጥ እሳት።

በታንግ ዘመን (618–907) የጦሩ ደንብ በግልጽ ተጽፏል። አሥር ወታደር አንድ «ሁዎ»፣ አምስት «ሁዎ» አንድ ሃምሳ። እያንዳንዱ «ሁዎ» የራሱ አለቃ አለው፣ ስድስት የጭነት ከብት ያዘጋጃል። ዕቃውም ተቆጥሮ ተዘርዝሯል፦ አንድ ጥቁር የጨርቅ ድንኳን፣ አንድ የብረት ገበቴ፣ አንድ አካፋ፣ አንድ መሮ፣ አንድ ሙቀጫ፣ አንድ ቅርጫት፣ አንድ መጥረቢያ፣ አንድ ጉጠት፣ አንድ መጋዝ፣ ሁለት ማጭድ። ለአሥር ሰው አንድ መጥረቢያ! ቀስቱ፣ ሠላሳ ፍላጻውና ስንቁ ግን የየሰዉ ነው፣ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እኔ ይህን ዝርዝር ሳነብ ነው ቃሉ የገባኝ። ሁዎባን ማለት መጥረቢያውን «ጨረስክ? አምጣ» የምትለው ሰው ነው።

አንድ ጥንቃቄ። የአሥሩ ሰው ደንብ የተጻፈው ለታንግ ነው፣ ግጥሙ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል ይባላል። በእጃችን ያለው ጽሑፍ የደረሰን በሶንግ ዘመን ጉዎ ማውቺየን በሰበሰበው የዜማ ግጥሞች ስብስብ በኩል ስለሆነ፣ በመሀል የታንግ እጅ ነክቶታል የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ «እነ ሙላን አሥር ሆነው ነበር የሚበሉት» ብለሽ ግርጌ ላይ እንዳትጽፊ።

የኔ ሐሳብ፦ ባልንጀራ። ባለ እንጀራ። ቻይናው በእሳቱ ጠራው፣ እኛ በእንጀራው ጠራነው፣ ነገሩ ግን አንድ ገበታ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ቃል ከየት ይመጣል?


ከጓንጁ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:40

ሰላም ናችሁ። ጓንጁ ስድስት ዓመት ነግጃለሁ፣ ስለ ግጥም ብዙ አላውቅም፤ ቃሉን ግን በየቀኑ እሰማው ነበር። እዚያ ሁዎባን የወታደር ቃል አይደለም፣ የነጋዴ ነው። አብሮ ገንዘብ ማዋጣት «ኸ-ሁዎ» ነው፣ እሳት እንደ መግጠም በሉት። የሱቅ ሠራተኛ «ሁዎጂ» ነው። ሽርክናው ሲፈርስ «ሳን-ሁዎ»፣ እሳቱ ተበተነ።

የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲመረቁ ደግሞ «ሳንሁዎፋን» የሚሉት አለ፣ የመበተኛ ምግብ። አንድ ጊዜ ጋብዘውኝ ሄጃለሁ። ክብ ጠረጴዛ፣ መሀሉ ላይ እየፈላ ያለ ትልቅ ድስት፣ ሁሉም የየራሱን ሥጋና ቅጠል እየነከረ ያወጣል። አራት ዓመት አንድ ክፍል ያደሩ ስምንት ልጆች ናቸው። በልተው ጠግበው ቢራው አልቆ እንኳ ምድጃውን የሚያጠፋ ጠፋ። አስተናጋጇ ሁለቴ መጥታ ማብሪያ ማጥፊያውን ልትነካ ስትል «ቆይ፣ ቆይ» አሏት። መጨረሻ ላይ ውሃው ተንኖ ድስቱ መሽተት ሲጀምር አንዱ ተነስቶ አጠፋው፣ ከዚያ ማንም ምንም አልተናገረም። ቃሉ ውስጥ እሳት እንዳለ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን መዝገበ_ቃል የጻፈውን ሳነብ ነው ያ ማታ ትዝ ያለኝ።


መዝገበ_ቃል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

@ከጓንጁ የነጋዴው ነገር አዲስ አይደለም ወንድሜ። የታንጉ ባለቅኔ ዩዋን ዠን (779–831) ስለ ሲራራ ነጋዴ በጻፈው ግጥም «ከቤት ሲወጣ ሁዎባን ይፈልጋል፣ ቤት ሲገባ አባቱንና ወንድሙን ይሰናበታል» ይላል። ነጋዴው ቤት የለውም፣ ትርፍ ባለበት ይሄዳል። አስተውል፣ ሙላንም ከደጅ ወጥታ ነው ሁዎባን የምታየው። በሁለቱም ግጥሞች ቤት ውስጥ ያለው ዘመድ ነው፣ ከደጅ ያለው ሁዎባን። ቃሉ ከጦር ሰፈር ወደ ሲራራ፣ ከሲራራ ወደ ሱቅ የሄደበት መንገድ ይኸው ነው።

ልብ ወለዱም ውስጥ መንፈሱ አለ። «ወደ ምዕራብ ጉዞ» በሚባለው የ16ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ አሳማው ዡ ባጂየ መንገዱ በከበደ ቁጥር «ዕቃውን ተካፍለን እንበታተን፣ እኔ ወደ ሚስቴ ልሂድ» ይላል። ዕቃ መካፈል! አንድ መጥረቢያ ለአሥር ከሆነ፣ መበተን ማለት መጥረቢያው የማን እንደሚሆን መጨቃጨቅ ነው።


ሻይ_ቅጠል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

እግዜር ይስጣችሁ። ባልንጀራን ሞክሬው ነበር። «ባልንጀሮቿ ሁሉ ደነገጡ።» ድምፁ ያምራል። ግን ዛሬ ባልንጀራ ስንል የልብ ወዳጅ ማለታችን ነው፣ መርጠን የያዝነው፣ ምስጢር የምንነግረው። የሙላን ሰዎች ደግሞ ምስጢሯን ያላወቁ ናቸው፤ የግጥሙ ቀልድም ኀዘንም እዚያ ላይ ነው። «ባልንጀሮቿ ሴት መሆኗን አላወቁም» ብል አንባቢ «እንዴት ያሉ ባልንጀሮች ናቸው?» ይለኛል። ሁዎባንን አንቺ አትመርጪውም፣ መዝገቡ ይመድብሻል።

ለወዳጅ ለወዳጅማ ቻይኖች «ዥዪን» አላቸው፣ ድምፅን የሚያውቅ። በድሮ ወጋቸው ቦያ የሚባል ደርዳሪ በገና መሳይ መሣሪያውን ሲደረድር ወዳጁ ዞንግ ዚቺ ይሰማዋል፤ ተራራ እያሰበ ቢመታ «ተራራ ነው» ይለዋል፣ ወንዝ እያሰበ ቢመታ «ወንዝ ነው»። ዚቺ ሲሞት ቦያ አውታሩን በጥሶ ዳግመኛ አልመታም። ያ አንድ ሰው ነው፣ ያውም ከተገኘ። ሁዎባን አሥር ነው፣ አንዳቸውም ድምፅሽን ላያውቁት ይችላሉ።


ዝም_ብዬ_አንባቢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

ታዲያ ከተመደቡ ባልደረባ በያቸዋ።


መዝገበ_ቃል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ሳታስበው ጥሩ ነገር ተናገርክ። ድሮ ቤተ መንግሥት ለሚመጣ እንግዳና ለባለጉዳይ ባልደረባ ይመደብለት ነበር፤ ጉዳዩን ለንጉሡ የሚያቀርብለት ሰው። ስለዚህ መመደቡ አለበት። ዛሬ ግን ባልደረባ ሲባል የሚታየኝ ቢሮ ነው። «የሥራ ባልደረቦቿ ደነገጡ» ማለት ሙላን ደመወዝ ጨምራ መጣች ማለት ይመስላል።


የሠፈር_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:22

ቆይ፣ ይህ ቃል ነው እንዴ ዜና ላይ የሚውለው? ኢትዮጵያና ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 ግንኙነታቸውን «ሁሉን አቀፍ ስትራቴጂያዊ የትብብር አጋርነት» አሉት፣ በ2023 ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ አደረጉት። በቻይንኛው ሁዎባን አለበት?


ሻይ_ቅጠል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:35

አለበት። ሁለቱም ላይ «ሁዎባን ጓንሺ» ነው፣ የሁዎባን ግንኙነት። የ2023ቱ ላይ የተጨመረው «ቹዋን ቲየንሆው» ነው፣ በማንኛውም አየር፣ በዝናብም በፀሐይም እንደማለት። እኛ አጋር ብለን ተረጎምነው፣ ለዲፕሎማሲው ይበቃል። ግን አጋር ውስጥ ድስት የለም።


የሠፈር_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:37

ድስቱን ማን ያጥባል የሚለው ነው ጥያቄው 😂


የድሮ_ወታደር
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 10:50

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ይህን ገጽ አነባለሁ። ልጆች፣ ቃሉን በጣም ርቃችሁ ፈለጋችሁት።

ጓድ በሉት። ጓድ ስትሰሙ የደርግ ስብሰባ፣ «ጓድ ሊቀመንበር» እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን በጦር ቤት ጓድ ሌላ ነው። መቶው በጓድ ይከፈላል፣ ጓዱ መሪ አለው፣ አብሮ ይተኛል፣ አብሮ ይበላል። ጓደኛ የሚለው ቃል ውስጥ ያለውም ይኸው ጓድ ነው፤ እናንተ መጨረሻውን ቀጥላችሁ ሰላማዊ አደረጋችሁት እንጂ።

እኔ በሰባዎቹ ሰሜን ነበርኩ። የጓዴ ልጆች ዘጠኝ ነበሩ፣ በኋላ ሰባት ሆንን። ኮቾሮውን በድንጋይ ሰብረን አንድ ጣሳ ውሃ ውስጥ እናርሰው ነበር። ማን እንደሚያንኮራፋ በጨለማ በድምፁ ለይቼ አውቃለሁ። ማን የግራ እግሩን እንደሚጎትት በኮቴው አውቃለሁ። ከመካከላችን አንዱ፣ ሁለት ዓመት ከጎኔ የተኛ፣ ዲያቆን እንደነበረ የሰማሁት ከተበተንን ከብዙ ዓመታት በኋላ በለቅሶ ቤት ነው። ቅዳሴውን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል አሉ። አንድ ቀን ሲያዜም ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ያ ግጥም እንዴት አላወቋትም ብሎ የሚያስገርም ነገር የለውም። ጦር ሜዳ ሰው የሚያውቀው የሚጠቅመውን ነው። ማን ውሃ ይደብቃል፣ ማን አይደብቅም።


ሻይ_ቅጠል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:30

ጋሼ፣ እጅ ነሳሁ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሻይዬ ቀዝቅዞ ተገኘ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግጥሙ ከፍ ብሎ «ጄኔራሎች ከመቶ ውጊያ በኋላ ሞቱ፣ ጀግኖች በአሥር ዓመት ተመለሱ» ይላል። ጓዶቿ ደግሞ «አሥራ ሁለት ዓመት» ይላሉ። የቱ ነው ልክ?


የድሮ_ወታደር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጄ፣ ግጥም አዋቂዎቹ ይንገሩሽ። እኔ ግን ስንት ዓመት ነበርክ ሲሉኝ አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ስምንት እላለሁ። የምጠየቀው በማን እንደሆነ አይቼ ነው።


መዝገበ_ቃል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:40

ከዚህ በላይ ልጨምር አልችልም፣ ግን እጨምራለሁ 😄 ግጥሙ ውስጥ አሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፦ የዘመቻው መዝገብ አሥራ ሁለት ጥቅልል፣ ማዕረጉ አሥራ ሁለት ደረጃ፣ ጉዞው አሥራ ሁለት ዓመት። «ብዙ» ማለት ነው፣ እኛ «ስንትና ስንት» እንደምንለው። ሒሳብ አትሥሪበት።

ለጋሼ ደግሞ አንድ የሚወዱት ወግ ይኸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ማሊንግ ላይ በተደረገው ጦርነት የቺ መንግሥት የጦር ስልተኛ ሱን ቢን ጠላቱን ያታለለው በምድጃ ነው። የጠላት አገር የገባ ዕለት መቶ ሺህ ምድጃ አስቆፈረ፣ በማግሥቱ ሃምሳ ሺህ፣ በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሺህ። የጠላቱ የዌይ መንግሥት አዛዥ ፓንግ ጁዋን ምድጃውን ቆጥሮ «በሦስት ቀን ከግማሽ በላይ ከዳ፣ ድሮም ፈሪዎች ናቸው» አለ። እግረኛውን ትቶ በቀላል ጦር ተከታተለ። ምሽት ላይ ጠባብ በር ውስጥ አድፍጠው ጠበቁት፣ ያ ሆነ መጨረሻው። እሳት ማለት ሰው ነበር፤ ጦር የሚቆጠረው በራስ ሳይሆን በምድጃ ነው። ሁዎባን የሚለው ቃል ከዚህ ዓይነት ዓለም ነው የወጣው።


የድሮ_ወታደር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:05

ጎበዝ! ጭስ ቆጥሮ ያልተሸወደ አዛዥ የለም።


ዝም_ብዬ_አንባቢ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:10

እሺ ተሸነፍኩ፣ ጓድ ይሁን። «የጓዷ ልጆች ደነገጡ።»


የሠፈር_ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:14

«የጓዷ ልጆች» ስትል የጓደኛዋ ልጆች መሰለኝ። ሕፃናቱ ምን አስደነገጣቸው አልኩ።


ከጓንጁ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ጓድ ካላችሁ ግን «ቶንግዢ»ስ ምን ይቀረዋል? አንድ ዓላማ ያለው ማለት ነው፣ እኛም በአብዮቱ ጊዜ ጓድ ያልነው እሱን ነው። ቻይና ውስጥ ዛሬ ታክሲ ነጂን ቶንግዢ ብትለው ዞሮ ያይሃል፣ የፓርቲ ስብሰባና የድሮ ሰው ካልሆነ በቀር።


ሻይ_ቅጠል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:00

እሱ ነው የሚያሰጋኝ። የቻይና አብዮት መሪው ሱን ያትሰን እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሞት በተነበበው ኑዛዜ «አብዮቱ ገና አልተሳካም፣ ቶንግዢዎች ይበርቱ» የሚል ሐሳብ አለ። ያኛው ጓድ ሐሳብ ያገናኘው ነው። ሁዎባንን ያገናኘው ረኀብ ነው። በአማርኛ ሁለቱም አንድ ቃል ላይ ተደራረቡ። ስለዚህ ጓድ ካልኩ አጠገቡ እሳት ወይም ድስት ማስቀመጥ አለብኝ፣ አንባቢው የትኛው ጓድ እንደሆነ ከሽታው እንዲያውቅ።

እግረ መንገዴን «ባን»ንም አትርሱት። ብቻውን ሲሆን ሰው ላይሆን ይችላል። የታንጉ ባለቅኔ ዱ ፉ በ763 የአን ሉሻን አመፅ እንዳበቃ ሲሰማ እንባው ልብሱን አራሰው፣ ከዚያ «አረንጓዴው ጸደይ ባን ሆኖኝ አገሬ ብገባ» አለ። ሌላው የታንግ ባለቅኔ ሊ ባይ ደግሞ በአበቦች መሀል አንድ ማሰሮ ጠጅ ይዞ ብቻውን ተቀምጦ ጨረቃን ጋበዘ፤ ከጥላው ጋር ሦስት ሆኑ። ጨረቃዋ መጠጣት አታውቅም፣ ጥላው ዝም ብሎ ይከተላል፣ እሱ ግን «ለጊዜው ጨረቃና ጥላን ባን ላድርግ» ይላል። ለጊዜው! ይቺ ቃል ናት የምትገድለኝ። እዚያ ላይ እሳቱን አልጨመረበትም። ጨረቃ ባን ትሆናለች እንጂ ሁዎባን አትሆንም፣ አትበላማ።


መዝገበ_ቃል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:20

ይቺን የመጨረሻዋን እሰርቅሻለሁ።


ሻይ_ቅጠል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:45

በሉ፣ ይኸው። ቤት እንዲመታ ብዬ ትንሽ ነፃነት ወስጃለሁ፣ አትማሩኝ።

ከደጅ ብቅ አለች፣ ጓዶቿ ፊት ቆመች፤
ማናት ተባባሉ፣ ከየት ነው የመጣች?
አሥራ ሁለት ዓመት ስናልፍ ስንቱን ኬላ፣
ሴት መሆኗን ሳናውቅ ካንድ ድስት ስንበላ!


መዝገበ_ቃል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:02

ድስቱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ደስ ይላል፣ ቃሉ ውስጥ የነበረው እሳት እዚያ ነው የነደደው። ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ በቻይንኛው «ሁዎባን» ሁለት ጊዜ በተከታታይ ይመጣል፦ መስመሩ በሱ ያልቃል፣ የሚቀጥለው በሱ ይጀምራል። አንቺ አንድ ጊዜ ብቻ አልሽው። ሁለተኛ፣ «ማናት ተባባሉ» ግጥሙ ላይ የለም፣ «ደነገጡ» ብቻ ነው የሚለው። ኬላውስ ከየት መጣ?


ሻይ_ቅጠል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:10

ኬላው የግጥሙ የራሱ ነው! ከላይ «የኬላ በሮችንና ተራሮችን እንደሚበርር አለፈች» ይላል፣ ከዚያ ወደ ታች ጎትቼው ነው። ለመጀመሪያው ቅሬታ መልስ የለኝም፤ ልክ ነህ፣ ያ ድግግሞሽ ደረት ላይ እንደሚመታ ነው፣ ጠፋብኝ። ለ«ማናት» ግን ጋሼ ይፍረዱኝ።


የድሮ_ወታደር
ዓርብ፣ ከሌሊቱ 11:20

«ማናት» አይሉም። ጓድ ጓዱን በኮቴው ያውቃል፣ በቀሚስም ብትሆን። መጀመሪያ ያውቋታል፣ ከዚያ ነው የሚደነግጡት። እሷ ናት፣ ግን እንዴት እሷ ናት።


ሻይ_ቅጠል
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12:05

ከደጅ ብቅ ብትል፣ ጓዶቿን ልታያቸው፤
ጓዶቿ እሷ መሆኗን ዐውቀው ጨነቃቸው፤
አሥራ ሁለት ዓመት ስናልፍ ስንቱን ኬላ፣
ሴት መሆኗን ሳናውቅ ካንድ ድስት ስንበላ!

ጓድም ሁለት ጊዜ ገባ። ሁለተኛው መስመር ትንሽ ረዘመ፣ ይሁን።


ዝም_ብዬ_አንባቢ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30

መጨረሻው ይኼ ነው እንዴ? ሰምቼ ነበር፣ ጥንቸል ምናምን አለበት አይደል?


ሻይ_ቅጠል
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:48

አለበት። ወንዱ ጥንቸል እግሩን ያወራጫል፣ ሴቷ ዐይኗን ታስለመልማለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን መሬት ለመሬት ሲሮጡ ግን ወንድ ልሁን ሴት ማን ይለየኛል ይላል። አሁን ፈረቃዬ ደርሷል፣ ለጥንቸሎቹ ሌላ ክር እከፍታለሁ። «ማወራጨት» እና «ማስለምለም» ላይ ሐሳብ ያለው ካሁኑ ይዘጋጅ።